ማን ልበል?

በአማርኛ ውስጥ እንደ «ማን ልበል?» ጨዋም አፋጣጭም የሆነ ጥያቄ አላውቅም። «ማነህ?» ቢሉት ሰው ይቀየማል። «ስምህን ተናገር» ፖሊስ ጣቢያ ይመስላል። «ማን ልበል?» ግን በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ እንደምትል የቤት እመቤት ነው። አልገፋችህም፣ አላስገባችህምም። ደዋዩም ብልጥ ከሆነ «እኔስ ማን ልበል?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስማቸውን እንደ መቶ ብር ጨብጠው «መጀመሪያ አንተ»፣ «የለም አንቺ» ሲባባሉ ካርዱ ያልቃል።

እኔ ይህ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ደስ የሚለኝ ለብቻዬ በሆነ ምክንያት ነው። ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። በእኛ ሰፈር ማንም ማንንም «ማን ልበል?» ብሎ አያውቅም፤ ያውቅሃላ! ባጃጅ ስትሳፈር ሹፌሩ መውረጃህን አይጠይቅህም። ሙዝ የምትሸጠው ሴትዮ በስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ስንት እንዳመጣህ ታስታውሳለች። ሠላሳ ዓመት የሞላው ወንደላጤ ሆኖ በዚህ ከተማ መኖር ማለት ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ «መቼ ነው?» መባል ነው። «ምኑ?» ብለህ መጠየቅ አያስፈልግም።

አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወዳጄ አዘነልኝና «ዓለም የት ደርሷል፣ አንተ ገና ቡና ቤት በር ላይ ትቆማለህ! መተግበሪያ ጫን» አለኝ። ጫንኩ። ቲንደርና ወንድሞቹ አሠራራቸው ቀላል ነው። ፎቶ ያሳዩሃል፣ ከወደድክ ወደ ቀኝ፣ ካልወደድክ ወደ ግራ ትጠርጋለህ፤ ከፎቶው ሥር ሰውዬዋ ከአንተ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ ተጽፏል። ይህ ነገር ለኒው ዮርክ ሰው ተአምር ሊሆን ይችላል። ከሲቀላ እስከ ላይኛው የከተማችን ክፍል ሴቻ ግን ዳገቱን ጨምሮ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱን ያነበበ ሰው በየትኛው ቅያስ ገብቶ የየትኛውን ቤት በር እንደሚያንኳኳ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የመጣችልኝ የታናሽ እህቴ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ወደ ግራ ለመጥረግ ሥርዓት ከለከለኝ፣ ወደ ቀኝ ለመጥረግ የእህቴ ውጤት አሳሰበኝ፤ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ሁለተኛዋ ባለፈው ሳምንት የአሜባ መድኃኒት የሸጠችልኝ የፋርማሲ ሠራተኛ ነች፤ ስለ እኔ ከማንኛውም ፕሮፋይል በላይ ታውቃለች። ሦስተኛዋ የውጭ አገር ተዋናይት ፎቶ ለጥፋ «ነዋሪነቴ አርባ ምንጭ» ትላለች። አራተኛዋ የአጎቴ ልጅ ነበረች። እኔ እሷን ካየኋት እሷም እኔን አይታኛለች ማለት ነው። በማግስቱ ለቅሶ ቤት ተገናኘን፤ አንድም ቃል ሳንናገር በዓይናችን ውል ተፈራረምን፤ ሁለታችንም አጠፋነው።

ያን ቀን ነው የገባኝ። የእኔ ችግር ሰው ማጣት አልነበረም፤ የማያውቀኝ ሰው ማጣት ነበር። እውነት ነው፣ እንግዳ ሰው ከፈለግህ ዩኒቨርሲቲው አለ። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ከመላው አገሪቱ ልጆች ይመጡበታል፤ የአባትህን ስም የማያውቁ ብቸኛ የከተማችን ነዋሪዎች እነሱ ናቸው። ግን እነሱም ሰኔ ሲመጣ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ደግሞስ የት ትወስዳታለህ? አሳ ቤት ይዘሃት ከገባህ ገና ለብለቡ ሳይቀርብ አንድ አጎት ከጥግ ብድግ ይላል። ሁለቱን ሐይቆችና የእግዜር ድልድይን ቁልቁል ወደሚያሳዩት ሴቻ ያሉ ሎጆች ብትወስዳት አስተናጋጁ አብሮ አደግህ ነው። ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች ድረስ ጫካ ለጫካ ብትሄድ እንኳ ከዝንጀሮዎቹ ቀድሞ የሚያይህ ዘመድ አይጠፋም። አራዶች ሴት ማባበልን «ጠበሳ» ይሉታል፤ በእኛ ከተማ በነፃነት የሚጠበሰው አሳ ብቻ ነው።

የቀረው ስልክ ነው። ድምፅ ብቻ። ፎቶ የለው፣ ኪሎ ሜትር የለው፣ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ የለው።

ስልክ ወደ አገራችን ሲገባም የተጠረጠረው በዚሁ ጠባዩ ነበር። ራስ መኮንን ከጣሊያን ጉዟቸው ይዘውት የመጡት ስልክ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሞከር፣ ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ካህናቱ እንደተቆጡ ይተረካል። ንጉሡ አልሰሟቸውም። እኔ ግን ዘግይቼም ቢሆን የካህናቱን ነገር አልንቅም፤ አንድ ገላ የሌለው ድምፅ ሰባት ወር እንቅልፍ ነስቶኛልና።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀመረ፤ ወደ እኛ ወገን በደንብ እስኪወርድ ዓመታት ፈጀበት። ሲም ካርድ በወረፋ ይገዛ በነበረበት ጊዜ ሰው ለብቻው አይሄድም ነበር። ባልና ሚስት፣ ጎረቤትና ጎረቤት ተጠራርተው ይሰለፋሉ። ቁጥሩም በተራ ስለሚታደል የባል መጨረሻ 1 ከሆነ የሚስት 2 ይሆናል፣ የጎረቤት 3። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ሁለት ዓመት ያህል ጠፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ሚስኮልን ቋንቋ አደረጉት። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «አስቤሃለሁ»፣ ሁለቴ ከሆነ «ደርሻለሁ»፣ ሦስቴ ከሆነ «አባቴ ቤት ነው፣ እንዳትመጣ»። የቋንቋው ጉድለት ችኩል ሰው ሁለት እንደቆጠረ ጫማውን ማሰሩ ነው፤ ሦስተኛውን የሚሰማው አጥሩ ላይ ሆኖ ነው። ቀጥሎ *807* መጣ፤ ካርድ ያለቀበት ሰው በነፃ «ደውልልኝ» የሚልበት የጨዋ ልመና። ከዚያ *806*፣ ከራስ ሒሳብ ለሌላው ካርድ የሚላክበት። እኔ እስከ ዛሬ ከሰው አፍ ከሚወጣ መሐላ ይልቅ በ*806* የመጣ አሥር ብር አምናለሁ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በ07 የሚጀምር ቁጥር ተጨመረና አንዳንድ ሰው ቀን 09፣ ማታ 07 ሆነ። ሁለተኛው ሲም የት እንዳለ ሚስቱ ካወቀች ግን እሱ የሚያድርበት ሦስተኛ ቦታ ይፈልጋል።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። አክስቴ ጋቢ አማረኝ አለች። በአርባ ምንጭ ሙቀት ጋቢ ምን ይሠራል ብትሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ማለዳ መሳሚያ ነው፤ ደግሞስ አክስቴን ማን ይጠይቃታል? መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚውል አንድ ሰው ጨንቻ ላይ እጃቸው የተመሰገነ ሸማኔ አውቃለሁ ብሎ ቁጥራቸውን በሶፍት ላይ ጻፈልኝ። ሶፍቱን የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የግንባሬና የደረቴ ላብ ከከተማዬ ፀሐይ ጋር ተባብሮ ማታ ሳወጣው የመጨረሻዋ ቁጥር 5 ትሁን 6 አልለይ አለች። 6 ብዬ ደወልኩ።

«ሄሎ?» የሴት ድምፅ።

«ጤና ይስጥልኝ። ጋቢ የሚሠሩት አባት ጋ ነው?»

ዝም። ከዚያ፣ «ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳት። «ተሳስተዋል» አለች። «ይቅርታ» አልኩ። ልዘጋው ስል፣ «ለመሆኑ ምን ዓይነት ጋቢ ነበር የፈለጉት?» ብላ ጠየቀች። ሰው በተሳሳተ ስልክ ላይ ስለ ጋቢ ዓይነት አይጠይቅም፤ ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ አክስቴ ቁመት፣ ስለ ጥለቱ ቀለም፣ አክስቴ ከባልዋ ጋር በደማቅ ጥለት ስለተጣላችበት ፋሲካ ሳወራ ሃያ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ «በሉ ሌላ ሸማኔ ያግኙ» አለችኝ። ቁጥሩን «ጋቢ 2» ብዬ መዘገብኩት። በማግስቱ ደግሞ ተሳስቼ ደወልኩ፤ በዚህኛው እንኳ ሶፍቱን አላየሁም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ «እርስዎ» ተባባልን። አማርኛ በስልክ ፈሪ ነው። ፊት ሳይታይ ዕድሜ አይገመትም፣ ዕድሜ ካልተገመተ «አንቺ» ማለት ድፍረት ነው። እኔ በልቤ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ድምፃቸው ያላረጀ እመቤት ቢሆኑስ እያልኩ እሰጋለሁ። እሷ በኋላ እንደነገረችኝ የቀበሌ ሹም መስያት ነበር። «እንዴት ዋሉ?»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» እያልን እንደ ሁለት አምባሳደሮች ስንከባበር ከረምን። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ደወልኩ። «ምን ሆነሃል? ድምፅህ ልክ አይደለም» አለች።

ሆነሃል። ድምፅህ። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ፈረንጅ «አይ ላቭ ዩ» ለማለት ሦስት ቃል ያወጣል፤ ለእኛ አንዲት «ህ» ትበቃናለች። በዚያች «ህ» ጉንፋኔ ሦስት ቀን ቀድሞ ለቀቀኝ።

የሌሊት ጥቅል ገዝተን ማውራት ጀመርን። እሷም የምትኖረው ጨንቻ ነው። ጨንቻ ከእኛ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ መንገዱ ግን ወደ ሰማይ ነው። እኔ 1,285 ሜትር ላይ ሸሚዜን አውልቄ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሷ ከ2,700 ሜትር በላይ ጋቢ ደርባ እሳት ዳር ኩርምት ብላለች። «ዛሬ ብርዱ አልተቻለም» ትለኛለች። እኔም ከአንገቴ ላቤን በፎጣ እየጠረግሁ «እዚህም» እላለሁ። ፍቅር የመጀመሪያው ውሸቱ ስለ አየር ጠባይ ነው። እኔ ስለ ሙዝና ማንጎ፣ እሷ ስለ ፖም፤ እኔ ስለ አዞ፣ እሷ ስለ ጉም። አንዳንዴ ጉሙ ኔትወርኩ ውስጥም ይገባል መሰለኝ፣ «ይሰማል? … አሁንስ? … አሁንስ?» ስንባባል እናመሻለን። አንድ ሌሊት ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለሁለት ሳምንት ያጠናሁትን ትልቁን ነገር ተናገርኩ። «ሄሎ? አልሰማሁም» አለች። እንደገና ሰብስቤ ተናገርኩ። ከወራት በኋላ ነው የመጀመሪያውንም ሰምታው እንደነበር የነገረችኝ። «ታዲያ ለምን?» ስላት፣ «ሁለቴ ሲባል ደስ ስለሚል» አለች።

ከድምፅዋ ኋላ ሁልጊዜ ሌላ ድምፅ አለ። ቃ … ቃ … ቃ። «ምንድን ነው?» አልኳት። «አባቴ ሥራ ላይ ሆኖ ነው።» እንጨት የሚጠርብ አናጢ አባት በሐሳቤ ሣልኩ፤ መዶሻ ጭምር አስያዝኩት።

ይሁንና የሴት ልጅ ስልክ ምን እንደሚመስል ያስተማረችኝም እሷ ናት። ለወንድ የተሳሳተ ቁጥር ጨዋታ ነው፤ ለእሷ የዘወትር ሥራ ነው። ደዋዮቿን በየዓይነታቸው ትለያቸዋለች። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ «የሚሳሳት» አለ። ገና «ሄሎ» ስትል «ድምፅሽ ያምራል» የሚል አለ፤ እሱ ለጀነሬተርም ይህንኑ ይላል። «ሽልማት ወጥቶልሻል፣ ስልክሽ ላይ የገባውን ኮድ ንገሪኝ» የሚል ሌባ አለ። ስትዘጋበት በሌላ ቁጥር እየመጣ የሚሳደብም አለ፤ እሱን ስታነሳ ሳቋ ጠፋ። «ብሎክ» ማድረግ ሰልችቷት አንድ ዘዴ አውጥታለች። ስልኩን ሳትዘጋ አባቷ ሥራ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ሰውዬው «ሄሎ፣ የኔ ቆንጆ» ይላል፤ ቃ … ቃ … ቃ። «ታኮርፊያለሽ እንዴ?»፤ ቃ … ቃ። ካርዱ እስኪያልቅ።

«ታዲያ እኔን ለምን አላስቀመጥሽኝም?»

«ስለ አክስትህ ስታወራ ሳቅኩ። አክስቱን የሚወድ ሰው ክፉ አይሆንም ብዬ።»

ተጣልተንም እናውቃለን። አራተኛው ወር ላይ ፎቶ ላኪልኝ ብዬ ነዘነዝኳት። «ፎቶ ከፈለግህ ፎቶ ቤት ሂድ፤ ግድግዳው ሙሉ ነው» ብላ ዘጋችው። ኮራሁ። እሷም ኮራች። ሦስት ቀን ስልኬ አንድም ጊዜ ሳይጮህ ቀረ። በጋሞ ባህል የተጣላ ሰው ፊት ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ያ ሰው ማለፍ አይችልም፤ ቁጣውን መዋጥ አለበት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ተወላጆች ቡራዩ ላይ የመገደላቸው ወሬ ደርሶ የከተማችን ወጣት በንዴት አደባባይ ሲወጣ አባቶቻችን ሣራቸውን ይዘው መንገድ ላይ እንደተንበረከኩና በቀል እንዳስቀሩ አገር ያየው ነው። የእኔ ጥል ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። ግን ሌላ የማውቀው ይቅርታ አልነበረኝም። ቴሌግራም ከፍቼ በእነዚያ ትናንሽ ሥዕሎች መካከል ስፈልግ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አገኘሁ፤ ያለ አንድ ፊደል ላክኋት። ወዲያው መልስ መጣ።

«ተነስ በቃ። ጉልበትህን ያምሃል።»

በሰባተኛው ወር፣ በቅዳሜ ገበያ ልንገናኝ ተቃጠርን። ከላንቴ መንደር አንድ እጅ ሙዝ ገዝቼ፣ በሙቀት አገር ቲሸርት፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ጆሮዬ ተደፈነ፣ ቀርከሃና እንሰት በመስኮት ማለፍ ጀመሩ፣ ከዚያ ጉሙ መጣ፤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ «እዚህም» እያልኩ ያወራሁት ሁሉ ታሰበኝ። ገበያው ውስጥ ግማሹ ሴት ጋቢ ለብሷል። ማናት? ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። አጠገቤ፣ ከድንች ሻጮቹ ወዲያ፣ አንዲት ልጅ ስልኳን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ ዞር አለች፤ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ በተለይ ቲሸርቴን፣ አየችኝ።

«ማን ልበል?» አለች።

የሚገርማችሁ ነገር፣ ፊት ለፊት ስንቆም ወሬው ጠፋ። ሰባት ወር የማውቃት ድምፅ ፊት ሲኖራት እንግዳ ሰው ሆነች። «እንዴት ነዎት?» አልኩ። «ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ?» አለች። ወደ አምባሳደርነታችን ተመለስን። ሙዙን ሰጠኋት፤ አመሰገነች፤ ሁለታችንም ድንቹን አየን። በመጨረሻ እሷ ናት መላ የመታችው። አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመችና ስልኬ ጠራ። «አንተ፣ በዚህ ብርድ እንዲህ ለብሰህ መጣህ?» አለች። «አየሩ እዚያም እንደዚህ ነው አላልኩሽም?» አልኳት። ሳቅዋን በአንዱ ጆሮዬ በስልክ፣ በሌላው በነፋስ ሰማሁት። ጨንቻ ገበያ መሐል፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተን ሃያ ደቂቃ ካርድ በላን።

«ና ልብስ ላልብስህ» ብላ ቤታቸው ወሰደችኝ። በሩ ላይ ስደርስ ሰማሁት። ቃ … ቃ … ቃ። መዶሻ የለም፣ እንጨት የለም። አንድ አባት ሸማ መሥሪያቸው ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸው ሲረግጥ እጃቸው መወርወሪያውን በድሩ መሐል ይልካል። ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች።

«አባ፣ ያ ጋቢ ፈላጊ ሰውዬ መጣ» አለች።

«የትኛው?»

«የዛሬ ሰባት ወር የደወለው።»

አባትየው ሥራቸውን አቆሙ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሲም በወረፋ በሚገዛበት ጊዜ ለራሳቸው አንድ፣ ለቤት አንድ አወጡ፤ የእሳቸው በ5 ያልቃል፣ የቤቱ በ6። የቤቱ በኋላ ለልጅቷ ተሰጠ። እኔ የፈለግኋቸው አባት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጀርባዋ ቃ … ቃ ሲሉ ነበር። «ቁጥሩን ብሰጥህ እኮ ለሱ ትደውል ነበር» አለችኝ፣ ጥፋተኛ በማይመስል ድምፅ። እሳቸውም የተሳሳተ ቁጥር ከልጅ ጋር ሲያወራ የአባት ገበያ መቅረቱ ሳያናድዳቸው አልቀረም፤ ዋጋው ላይ አንድ ብር አልቀነሱልኝም። ለእኔም አንድ አስለበሱኝ፤ የእሱንም አስከፈሉኝ።

ያገሬ ልጅ ነኝና አንድ ነገር ማሰብ ነበረብኝ። በሰባት ወር ያልተጠያየቅነው ነገር አልነበረም፤ የምትወደው ቀለም፣ የምፈራው አውሬ፣ ማን ቀድሞ እንደሚነቃ። አንድ ጥያቄ ግን ማንሳት አላሰብኩም። አክስቴ አሰበችው። ጋቢውን ተከናንባ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «እጁ ይባረክ። ማን ሠራው?» አለች። ነገርኳት። የልጅቷንም ነገር ነገርኳት፤ ፊቴ ነግሯት ስለነበር ብዙም አልደከምኩም። «የማን ዘር ናቸው?» አለች። አላውቅም አልኩ። «የራስህንስ ጎሳ ታውቃለህ?» አለች። ሲቀላ ያደገ ልጅ የባጃጅ ታርጋ እንጂ ጎሳ አይቆጥርም። አክስቴ ስልኳን አንስታ፣ ጨንቻ አንድ ዘመድ ጋ ደወለች። በጋሞኛ አወራች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ዘጋችውና በዝግታ ጋቢዋን አስተካከለች።

«አባትህ የወጣው ከነሱው ነው። አንድ ጎሳ ናችሁ» አለች። «እህትህ ናት።»

በጋሞ አንድ ጎሳ አይጋባም። ክርክር የለውም፣ ይግባኝ የለውም፤ የሩቅ ነው፣ ስንት ትውልድ አለፈ ብሎ ነገር የለም። እኔ የሰባት ወር የሌሊት ጥቅል የጨረስኩበትን መንገድ አክስቴ በሦስት ደቂቃ ሄዳ ተመለሰች። የማያውቀኝን ሰው ለማግኘት ከከተማ ሸሽቼ፣ ሶፍት ላይ በረጠበች አንዲት ቁጥር ወድቄ፣ ተራራ ወጥቼ ያገኘሁት ዘመዴን ነው። መተግበሪያውም የአጎቴን ልጅ አሳይቶኝ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ ወዲያው አሳየኝ፣ ስልኩ ግን መጀመሪያ አሳስቆኝ ነው።

እንዴት እንደምነግራት አላውቅም ነበር። ደወልኩ። ነገርኳት። ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ቃ … ቃ … ቃ ብቻ። «ይሰማል?» አልኩ። «ይሰማል» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ረጠበ፤ የእኔም። ከዚያ ቀስ ብላ መሳቅ ጀመረች፣ እኔም ተከተልኳት፣ እያለቀስን ይሁን እየሳቅን ኔትወርኩ ብቻ ነው የሚያውቀው። «እንግዲህ ወንድሜ፣ ጋቢውን በቅናሽ ማግኘት ይገባህ ነበር» አለችኝ። ያን ማታ «ጋቢ 2» የሚለውን አጥፍቼ «እህቴ» ብዬ ጻፍኩ። ስሟ ፊቴ ላይ ሲበራ አሁንም ልቤ አንዴ ይዘላል፤ አክስቴ የልብን ጎሳ መቁጠር ገና አልጀመረችም።

ሁለት ወር አለፈ። ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች።

«ስማ» አለችኝ፣ «አባቴ ሲም ሊገዛ የተሰለፈ ዕለት ጎረቤታችን ኋላው ነበሩ። የእነሱ ቁጥር በ7 ያልቃል። አሁን ስልኩን የያዘችው ልጃቸው ናት። ስለ አክስትህ ነግሬያታለሁ፤ በጣም ሳቀች።»

«እና?»

«እናማ አንተ 5ን ስትፈልግ 6 ላይ ወደቅህ። አንዲት ቁጥር ብቻ ነበር የቀረችህ።»

ዝም አልኩ። በረንዳው ላይ ሙቀቱ እንደ ወትሮው ነው። ግን ሰው ከሰባት ወር ትምህርት አንድ ነገር መያዝ አለበት።

«ቆይ» አልኳት፣ «ስሟን አሁን እንዳትነግሪኝ። መጀመሪያ ጎሳዋን ልወቅ።»